ለምረቃ በዓል የሚበቃ ማን ነው?

በየዓመቱ ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲብት በብዙ ቤት ጌሾ ይወቀጣል፥ በግ ይገዛል፥ ከገጠርም ዘመድ ይጠራል። ይህም ልጆች ከዩኒቬርሲቲ የሚመረቁበት ወራት ስለ ሆነ ነው። ደስታው የተገባ ደስታ ነው፤ ልጅን ከፊደል አንሥቶ እስከ ዲግሪ ማድረስ ለአባትና ለእናት ከእርሻ ሁሉ የከበደ እርሻ ነውና፥ መከሩ በደረሰ ጊዜ ደስ ቢላቸው ማን ይነቅፋቸዋል? ነገር ግን ብዙዎች ወላጆች ድግሱን አስቀድመው መዝገቡን ወደ ኋላ ስለሚተዉት፥ ደስታው ወደ ኀፍረት ሲለወጥ ደጋግመን አይተናል። ስለዚህ ለምረቃ በዓል የሚበቃው ማን እንደ ሆነ፥ ምን ምን ሲያሟላስ እንደሚበቃ፥ ቤተሰብም ከዚህ ውስጥ ምን ማወቅ እንደሚገባው ዛሬ በዚህ ዐምድ ለመናገር አሰብን።

ከሁሉ አስቀድመን የቃሉን ነገር እንመልከት። ምረቃ የሚለው ቃል ከምርቃት ጋራ አንድ ሥር ነው። ምርቃት ደግሞ ሥራ ከተፈጸመ በኋላ የሚሰጥ እንጂ ሥራውን የሚተካ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዐት አንድ ተማሪ ድጓውን ጨርሻለሁ ቢል በራሱ ቃል ብቻ አይታመንም፤ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ማስመስከር አለበት። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረውም እንዲሁ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ማስመስከር የሚለው ቃል ነገሩን ሁሉ ይገልጠዋል፤ ተማሪው ይዞ የሚቀርበው ምስክር ነው፤ ድግሱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ነገሩን በችሎት ምሳሌ ብናስረዳ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ዳኞች ተሰይመው ፍርድ ሲያነቡ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ዘመድ ያለቅሳል ወይም እልል ይላል። ነገር ግን ፍርዱ የተፈረደው በንባቡ ሰዓት አይደለም። ማስረጃው ተመርምሮ፥ ዳኞቹም ተመካክረውበት፥ በመዝገብ ተጽፎ አድሯል። የምረቃ በዓልም እንዲሁ ነው። የዩኒቬርሲቲው ፕሬዚዳንት ቆመው ዲግሪ መስጠታቸውን ሲያውጁ፥ የሚያውጁት ሴኔቱ አስቀድሞ ዐይቶ ያጸደቀውን ነው። እንግዲህ በዓሉ ንባብ ነው፤ ፍርዱ ያለው ከመዝገቡ ላይ ነው።

በአገራችን ዩኒቬርሲቲዎች አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከዚህ መዝገብ ለመግባት የሚጠየቀው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፥ ለትምህርቱ ክፍል የተወሰነውን ኮርስ ሁሉ ፈጽሞ ማለፍ አለበት፤ አጠቃላይ አማካይ ነጥቡም ከ4.00 ቢያንስ 2.00 መሆን ይገባዋል። አንድ ኮርስ እንኳ ወድቆ ያላሟላ ተማሪ፥ የቀሩትን ሁሉ በማዕርግ ቢያልፍ ስሙ አይጻፍም። ሁለተኛ፥ የመውጫ ፈተና የሚባለውን ማለፍ አለበት። ይህ ፈተና በሕግ ትምህርት ዘንድ ከዚያ በፊትም የነበረ ሲሆን፥ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። ማለፊያውም ከመቶ 50 ነው። ያላለፈ ተማሪ ዳግመኛ መፈተን ይችላል፤ ነገር ግን እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪ የለውም።

ሦስተኛ፥ ክሊራንስ የሚባለውን ወረቀት አስፈርሞ መጨረስ ነው። ይኸውም ከቤተ መጻሕፍቱ የተዋሰውን መጽሐፍ መልሶ፥ ከማደሪያው የተረከበውን ዕቃ አስረክቦ፥ ከዩኒቬርሲቲው ክፍሎች ሁሉ ዕዳ እንደሌለበት ማስመስከር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ለጓደኛው ያዋሰው አንድ መጽሐፍ ስለ ጠፋበት ብቻ በበዓሉ ዋዜማ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲሮጥ የዋለ ጎልማሳ እናውቃለን። አራተኛ፥ በሥነ ሥርዐት ጉድለት ተከሶ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም የተቀጣ ተማሪ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ሊታገድ ይችላል። አምስተኛ፥ በበዓሉ ለመሰለፍ ጋዋንና ቆብ በጊዜው ተረክቦ፥ በታዘዘው ሰዓትና ቦታ መገኘት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ወላጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ልጁ ጋዋን ለብሶ፥ ቆብ ደፍቶ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከተመለሰ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በመንግሥት ዩኒቬርሲቲ የተማረ ልጅ የወጪ መጋራት ውል የፈረመ ስለ ሆነ፥ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰጠው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ነው፤ ዋናው ዲግሪ የሚደርሰው ውሉን ከፈጸመ በኋላ ነው። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት መዝገብ እንዳለ ሁሉ፥ ከበዓሉም በኋላ መዝገብ አለ።

ይህ ሁሉ ግዴታ የዛሬ ዘመን ጭካኔ እንዳይመስላችሁ። በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሥራውን የጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቬርሲቲ፥ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ የምንለው፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ዩኒቬርሲቲ አገልግሎት የሚባል ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ፥ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፥ ማገልገል ነበረበት። ይህን ያልፈጸመ ዲግሪ አይሰጠውም ነበር። እንግዲህ የዚያን ዘመን ተመራቂ ለበዓሉ የበቃው መጽሐፍ ስላነበበ ብቻ ሳይሆን፥ በሩቅ አገር የሕፃናትን ፊደል ስላስቈጠረም ነበር።

እስካሁን ስለ ተመራቂው ተናገርን፤ እንግዳውስ? አዳራሹ የሚይዘው ሰው የተወሰነ ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በቁጥር የተወሰነ የጥሪ ካርድ ነው። ከዚህ የተነሣ በየቤቱ ክርክር ይነሣል። ሁለት ካርድ ብቻ ቢደርስ ለአባትና ለእናት ይሰጥ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ልጁን ወስዳ ያሳደገችው፥ ሌሊት ተነሥታ ስንቁን የቋጠረችው አክስት ወይም አያት ካለች፥ ከሁሉ በፊት ልትታሰብ ይገባታል እንላለን። ካርዱን ለማን እንደሚሰጥ ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ ምርጫውም የምስጋናው መጀመሪያ ይሁን።

ደግሞ አንዳንድ ባለ ሥልጣኖች በመሥሪያ ቤታቸው ማኅተም ደብዳቤ ጽፈው ተጨማሪ ካርድ፥ ከዚያም ብሶ ከፊት ወንበር ይጠይቃሉ ሲባል እንሰማለን። ለዚህ ዐምድ አንባቢዎች ይህን መናገር ባይገባንም፥ ነገሩን ማለፍ አልተቻለንም። በዚያ ቀን ክብር የሚሰጠው ለደከመ እንጂ ለተሾመ አይደለም። ሹሙ አባት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ልጁን ቢያይ ልጁ ከፍ ይላል እንጂ አባቱ ዝቅ አይልም። ከሩቅ አገር በእግሩና በአውቶቡስ የመጣ ገበሬ ስፍራ ተወስዶበት ከደጅ ቢቀር ግን የበዓሉ ትርጓሜ ፈረሰ።

ከዚህ ቀጥሎ፥ ለበዓል የመብቃት ሕግ መቼ የተገባ፥ መቼስ ያልተገባ እንደሚሆን ለማስረዳት ወደ እንግሊዝ አገር፥ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቬርሲቲ እንሻገር፤ በዚህ ነገር የዚያ አገር ታሪክ ትልቅ ምሳሌ አለውና።

በካምብሪጅ የምረቃው በዓል የሚደረገው ሴኔት ሐውስ በሚባለው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1722 ዓ.ም. መሠራት ጀምሮ በ1730 ዓ.ም. በተፈጸመው አዳራሽ ነው። ለዚያ የሚበቃው ተማሪ ፈተናውን ማለፉ ብቻ አይበቃውም፤ የተወሰነውን የትምህርት ወራት በዩኒቬርሲቲው አጠገብ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማረው ከከተማዋ ከታላቂቱ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ3 ማይል ክልል ውስጥ ማደር ይገባዋል። በበዓሉ ቀን ጥቁር ልብስ፥ ጥቁር ጫማ፥ በላዩም እንደ ዲግሪው ዐይነት የተወሰነ ካባ ይለብሳል፤ አለባበሱ እንደ ደንቡ ካልሆነ ከበር ሊመለስ ይችላል። ከዚያም ተመራቂዎቹ አራት አራት ሆነው፥ እያንዳንዳቸው የሚያቀርባቸውን የኮሌጃቸውን ሹም የቀኝ እጅ አንዳንድ ጣት ይዘው ይቀርባሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ለብቻው ከዩኒቬርሲቲው ሹም ፊት ተንበርክኮ፥ የተጋጠሙት እጆቹ በሹሙ እጆች መካከል ሳሉ በላቲን ቋንቋ ዲግሪው ይነገርለታል።

ይህ ሥርዐት እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ከደጃፉ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። በ1869 ዓ.ም. ጊርተን፥ በ1871 ዓ.ም. ኒውናም የሚባሉት የሴቶች ኮሌጆች ተመሠረቱ። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ሴቶቹ ወንዶቹ የሚፈተኑትን ፈተና እንዲፈተኑ ተፈቀደላቸው፤ ዲግሪ ግን ተከለከሉ። በ1890 ዓ.ም. ፊሊፓ ፎሴት የምትባል የኒውናም ተማሪ በሒሳብ ፈተና ከወንዶቹ ከአንደኛው በላይ መሆንዋ በአደባባይ ተነበበ። ከሁሉ በላይ የሆነችው ልጅ ግን ዲግሪ ለመቀበል አልበቃችም፤ የጐደላት አንድም ነጥብ አልነበረም፥ ሴት መሆንዋ ብቻ ከለከላት።

በ1897 ዓ.ም. ነገሩ ለድምፅ ቀርቦ ከ1,700 በላይ የሆኑት ሲቃወሙ፥ የደገፉት 660 ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያ ቀን ወንዶች ተማሪዎች በብስክሌት የተቀመጠች ሴት ምስል ሠርተው ከሴኔት ሐውስ ፊት ለፊት ሰቀሉ። በ1921 ዓ.ም. ዳግመኛ ጥያቄው ሲወድቅ ደግሞ የኒውናምን ኮሌጅ በር በጋሪ ገጭተው ሰበሩ፤ ለሴቶቹም የዲግሪው ስም ብቻ እንጂ የዩኒቬርሲቲው አባልነት አልተሰጣቸውም። በመካከሉ ከ1904 እስከ 1907 ዓ.ም. ድረስ ከካምብሪጅና ከኦክስፎርድ የተማሩ 700 ያህል ሴቶች፥ የዳብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ስለ ተቀበላቸው፥ በመርከብ ባሕር ተሻግረው በዚያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚህም ምክንያት የእንፋሎት መርከብ እመቤቶች ተባሉ። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ዓ.ም. ነው። ከዚያም 50 ዓመት ሲሞላ፥ በ1998 ዓ.ም.፥ ከ1948 ዓ.ም. በፊት ተምረው በዓሉን ያላዩት ሴቶች ተጠርተው 900 ያህል ወደ ሴኔት ሐውስ መጡ። አሮጊቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ አያቶች ሆነዋል። ትምህርቱ ግን ሁልጊዜም ከእነርሱ ጋራ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ሥራህን ፈጽመሃልን? ብሎ የሚጠይቅ ደንብ የተገባ ደንብ ነው፤ ማንም ሊያጕረመርምበት አይገባም። አንተ ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ? ወንድ ነህ ወይስ ሴት? ብሎ የሚጠይቅ ደንብ ግን ያልተገባ ነው። ሁለተኛውም፥ ሥራውና በዓሉ ሁለት ናቸው። ሥራውን የፈጸመ በዓሉ ቢቀርበት ዕውቀቱ አይጐድልም፤ ሥራውን ያልፈጸመም በበዓሉ መካከል ቢቆም ዐዋቂ አይሆንም። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቬርሲቲዎች ጥቂት ኮርስ የቀረውን ተማሪ ከጓደኞቹ ጋራ እንዲሰለፍ ይፈቅዱለታል፤ ስሙም በበዓሉ መጽሔት ይታተማል፤ ዲግሪው ግን የቀረውን እስኪፈጽም ይቈያል። በዚያ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን የልጃችሁን ስም በመጽሔቱ ባያችሁ ጊዜ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመት በፊት በሰፈራችን አንድ የተከበሩ ጡረተኛ ሽማግሌ ለልጃቸው ምረቃ ሁለት በግ ገዝተው፥ ጠላ አስጠምቀው፥ ዳስ ጥለው፥ ዘመዶቻቸውን ከመንዝ አስመጥተው ነበር። በዋዜማው ከምሽቱ በሦስት ሰዓት የልጁ ታናሽ እኅት ከቤታችን መጥታ በር መታች።

«ጋሼ፥ ወንድሜ ነገ አይመረቅም። የመውጫውን ፈተና አላለፈም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በልቡ ይዞት ኖረ። ለአባባ መንገር አቃተን፤ እባክዎ እርስዎ ይምጡልን» አለችን።

ሄድን። ሽማግሌው ከዳሱ በታች ተቀምጠው ወንበር ሲያስደረድሩ አገኘናቸው፤ ልጁ ከምሰሶው ሥር አቀርቅሮ ቆሟል። ነገሩን ባጭር ቃል ነገርናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«ስንት ጐደለው?» አሉ በመጨረሻ።

«አራት ነጥብ ነው፤ 46 አምጥቷል» አልናቸው።

«ደግሞ ሊፈተን ሕጉ ይፈቅድለታል?»

«ይፈቅድለታል።»

ያን ጊዜ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፥ «አንተ ልጅ፥ ያሳዘነኝ አራቱ ነጥብ አይደለም። እኔ በገበያ በግ ስመርጥ ገመዱን የያዝህልኝ አንተ ነህ። ምን ያህል ብታስፈራህ ነው ይህን የሸሸግኸኝ እያልሁ ራሴን ስጠይቅ ላድር ነው» አሉት። ልጁ አለቀሰ። «ዳሱ አይፈርስም፤ የመጣ ዘመድ ይበላል። ለሚጠይቅ ግን እውነቱን አንተው ራስህ ትነግረዋለህ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

በማግሥቱ ልጁ ከበር ቆሞ እንግዳ እየተቀበለ፥ «ፈተናውን አላለፍሁም፤ ደግሜ እፈተናለሁ» ሲል ሰማነው። እኛ ቅጣቱ የከበደ መስሎን ነበር። ነገር ግን ከቀትር በኋላ የልጁ አንገት ቀና ማለቱን አየን። ያን ቀን ከሁሉ ይልቅ ያፈርነው እኛ ነን። በዚያ ሦስት ሳምንት ልጁን በመንገድ ባገኘነው ቍጥር፥ «ድግሱ መቼ ነው?» እያልን ጠይቀነው ነበር። «ፈተናው እንዴት ሆነልህ? የከበደህ ነገር አለ ወይ?» ብለን ግን አንድ ቀን አልጠየቅነውም። ጠይቀነው ቢሆን ምናልባት ይነግረን ነበር።

በኋላ ልጁ በተሰጠው ፈተና አለፈ። በዓል አልነበረም፤ ጊዜያዊ ወረቀቱን በሥራ ቀን ከሬጅስትራሩ መስኮት ተቀብሎ መጣ። አባቱ እጃቸውን ታጥበው፥ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡና ልጃቸውን መረቁት። እናቱ፥ እኅቱና እኛ ብቻ «አሜን» አልን። ካየናቸው የምረቃ በዓላት ሁሉ እንግዳው ያነሰ ይህ ነበር፤ የጐደለው ነገር ግን አልነበረም።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወላጆች፥ ምክራችን ይህ ነው። በግ ከመግዛታችሁ በፊት የልጃችሁ ስም ሴኔቱ ካጸደቀው ዝርዝር መኖሩን ጠይቁ፤ ስትጠይቁም እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ወላጅ ጠይቁ። የመውጫ ፈተናው ውጤት ሳይታወቅ ዘመድ አትጥሩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንባችሁ። ክሊራንሱን ከበዓሉ በፊት እንዲጨርስ ጊዜ ስጡት። የእንግዳውን ካርድ ቍጥር አስቀድማችሁ ዕወቁ። ከሁሉ በላይ ግን ልጃችሁ ወድቄአለሁ ለማለት የሚችልበት ቤት ይኑራችሁ። እናንተም ተማሪዎች፥ ስማችሁ ባይጻፍ በዚያው ቀን ለአባትና ለእናታችሁ ንገሩ። የጐደለ ነጥብ በሌላ ፈተና ይሞላል፤ ሦስት ሳምንት የተሸሸገ ነገር ግን ለመሙላት ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል።

በዘንድሮው ክረምት ለበዓሉ ለምትበቁ ሁሉ ደስታችሁ ደስታችን ነው። ለቀራችሁም ብርታቱን ይስጣችሁ፤ የአባትና የእናት ምርቃት ካርድ የማይጠየቅበት ነውና።